ከምጣዱ የተጀመረ ማእድ ቤት፦ በቱሉ ዲምቱ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ካሉት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለ ሦስት መኝታ። ነዋሪዎቹ ሰባት ናቸው፦ ባልና ሚስት፣ የ14፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች፣ የባልየው እናትና አንዲት የቤት ሠራተኛ። ሚስትየው መሀል ከተማ ሥራዋ ላይ ለመድረስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ትወጣለች። የልጆቹ ሰርቪስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ቁርሱ፣ የሦስት ልጆች ምሳ ዕቃ፣ ሻዩ፣ አያትየው መድኃኒት የሚውጡበት ውሃ ሳይቀር ከ11 ሰዓት ጀምሮ ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ 2.10 በ3.30 ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ ያልቃል።

ቤተሰቡ ሲጀምር በእጁ የነበረው አንድ ፎቶ ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሦስት ግድግዳ የያዘ ኪችን ካቢኔት። ፎቶውን ተከትሎ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ንድፍ አውጥቶ ነበር። በንድፉ ላይ ግራም ቀኝም ጥልቀቱ 60 ሳ.ሜ. ነው። ከ2.10 ሜትር ላይ ሁለት ጊዜ 60 ሲቀነስ ለሰው የሚተርፈው 90 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ 50 ሳ.ሜ. የሚወጣ መሳቢያ ሲከፈት ደግሞ 40 ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰው ለሚቆምበት ቤት ይህ አይሆንም። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ንድፉ ውስጥ ያልነበረው ነው። ምጣድ የለም፤ ሊጥ የሚቆምበት የለም፤ የጤፍ ዱቄት የሚቀመጥበት የለም፤ ጀሪካን የለም። አራቱም በቤቱ ውስጥ አሉ። ካቢኔቱ ሲገጠም ግን ቦታ ስላልተሰጣቸው ኮሪደርና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይበተናሉ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ኪችን የሰሃን ማስቀመጫ ሆኖ ይቀርና ሥራው ከበሩ ውጭ ይሠራል። በዚህ ቤት ንድፉ ከምጣዱ ተጀመረ።

ግድግዳው ከመለካቱ በፊት ሳምንቱ

ለሰባት ቀን በፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ እስክሪብቶም በክር ታሰረለት። ማእድ ቤት የገባ ሁሉ ምን ሊሠራ እንደገባና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጽፋል። አብዛኛውን የሞላችው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ኪችኑን ከማንም በላይ የምትጠቀምበት እሷ ስለሆነች ልኬቱም በመጀመሪያ ለእሷ ቁመት መሠራት ነበረበት።

ወረቀቱ እንዳሳየው እንጀራ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በአንድ ጊዜ 40 ገደማ ይጋገራል። አንዱ እንጀራ ከማሰሱ እስከ ማውጣቱ 4 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ምጣዱ ፊት በአንድ ቀን ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይቆማል። ለ40 እንጀራ 20 ሊትር ያህል ሊጥ ያስፈልጋል። 50 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አንድ ወር ገደማ ያደርሳል። ለምግብና ለዕቃ ማጠቢያ በቀን 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይወጣል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የቤተሰቡ ግምት እንደሚለው ብዙ ጊዜ ሳይመጣ የሚቆየው 3 ቀን ነው። 60 ሊትር በ3 ቀን 180 ሊትር ይሆናል። የታንከሩን መጠን የወሰነው ይህ ቁጥር ነው፤ ሱቅ ውስጥ የተገኘው ታንከር አይደለም።

ማንም ያልጠበቀው ነገርም ከወረቀቱ ወጣ። ሁለቱ ትንንሾቹ ልጆች ጠዋት ወደ ማእድ ቤት የሚገቡት ወይ ፍሪጅ ለመክፈት ወይ ውሃ ለመቅዳት ነው። ያ ሰዓት ትኩስ ድስት ከምድጃ ወደ ላቫንዲኖ የሚሻገርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ከማእድ ቤቱ ወጥቶ ከበሩ ጎን ሳሎን ውስጥ ቆመ፤ የመጠጥ ውሃውና ኩባያዎቹም አጠገቡ ተቀመጡ። ምንም ያልተገዛበት ይህ ውሳኔ 70 ሳ.ሜ. የግድግዳ ቦታ አስገኘ፤ የልጆቹንም እግር ከእሳቱ አራቀ።

ምጣዱ

የሸክላው ስፋት 58 ሳ.ሜ. ነው፤ ከነአካሉ 68። የተሰጠው ቦታ 85 ሳ.ሜ. ወርድና 75 ሳ.ሜ. ጥልቀት አለው፤ ግራና ቀኝ ለአየርና ለእጅ 8 ሳ.ሜ. ያህል እንዲተርፍ። የቆመው ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አጭሩ ግድግዳ ቀኝ ጥግ፣ መስኮቱ ስር ነው። ክዳኑ በማጠፊያ ወደ ኋላ ስለሚከፈት ከበላዩ ቁም ሳጥንም ሆነ መጋረጃ አልተደረገም።

ቁመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሥራ ጠረጴዛው በሙሉ 88 ሳ.ሜ. ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ቁመት 1.58፣ የሚስትየዋ 1.66 ሜትር ስለሆነ ከክርናቸው ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል፤ ለመክተፍ ይመቻል። ምጣዱ ግን 88 ላይ ቢቆም ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞሩ ለማፍሰስ ትከሻ መነሳት አለበት፤ እንጀራውን በሰፌድ ለማውጣትም ክንድ በትኩሱ ሸክላ ላይ ያልፋል። አርባ ጊዜ ሲደጋገም ትከሻው ይያዛል። የሸክላው ላይ ከወለል 72 ሳ.ሜ. እንዲሆን ተደረገ። ይህ ከመወሰኑ በፊት ብሎኬትና ጣውላ እየተደራረበ በሦስት ከፍታ፣ በ66፣ በ72 እና በ78፣ ተጋግሮ ተሞክሯል።

መቆሚያው ከ4 በ4 ሳ.ሜ. ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ተበይዶ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም (አንቲረስት) ተቀብቶ፣ ላዩ ሴራሚክ ለበሰ። ከምጣዱ በ30 ሳ.ሜ. ዙሪያ ኤምዲኤፍም ሆነ ችፑድ (ከእንጨት ብናኝና ፍቅፋቂ ተጨምቀው የሚሠሩ ቦርዶች) አልገባም። ምክንያቱ እንፋሎት ነው። ኤምዲኤፍ ፊቱ ላሚኔት ስለለበሰ ውሃ የማይገባው ይመስላል፤ ውሃ የሚጠጣው ግን በጠርዙና በማጠፊያው ቀዳዳ በኩል ነው። አንድ ጊዜ ካበጠ ደግሞ አይመለስም፤ ላሚኔቱም ይላጣል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታቸው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ቆላ ከሚወስደው ጊዜ በላይ ይወስዳል። ከጋገራው ቀን ውጭም ማእድ ቤቱ ለረጅም ሰዓት በእንፋሎት ውስጥ ይውላል ማለት ነው።

ለዚህም ከመስኮቱ መስታወቶች አንዱ ወጥቶ በቦታው የአሉሚኒየም ገጽ ገባና 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ማራገቢያ ተገጠመበት። የክፍሉ ይዘት 18 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አየሩ በሰዓት 15 ጊዜ እንዲለወጥ በሰዓት 270 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማራገቢያ ይበቃል። ከበሩ ስር 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ተተወ፤ የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣ አይኖርምና። በከሰል ማጣሪያ አየሩን እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ የሚተፋው ዓይነት የጭስ መሳቢያ ለእንጀራ እንፋሎት አይረዳም፤ ሽታ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ውሃውን አያወጣም።

ከምጣዱ በስተግራ 65 ሳ.ሜ. ወርድ ቀርቶ ነበር። እዚያ በምጣዱ ቁመት ልክ ሁለተኛ የብረት ጠረጴዛ ቆመ። ትኩስ እንጀራ በትኩስ እንጀራ ላይ ሲደረደር ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ ዓይኑም ይጠፋል። እያንዳንዱ በጨርቅ ላይ ትንሽ ተንፍሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። ሰፌዱ በ65 ሳ.ሜ. ላይ በልኩ ያርፋል። ከጠረጴዛው ስር 20 ሳ.ሜ. ከፍታ ያላት፣ አራት ጎማ ያላት ጋሪ ገባች፤ ሁለቱ ጎማዎች ፍሬን አላቸው። ባለ 30 ሊትሩ የሊጥ ባልዲ ከቡኮ ጀምሮ እሷ ላይ ይውላል። በጋገራ ቀን ጋሪዋ ወደ ፊት ትሳባለች፤ ሠራተኛዋ ጎንበስ ሳትል በጆግ ትቀዳለች። ከዚያ በፊት ባልዲው ከመታጠቢያ ቤት በእጅ እየተነሳ ነበር የሚመጣው፤ 20 ሊትር ሊጥ ከ20 ኪሎ ይበልጣል።

መብራቱ

ሥራው ሲጀመር ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ የፕለጉ አንድ እግርም ጠቁሯል። ይህ ምልክት ያለበት ቤት ካቢኔት ከማዘዙ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥራ። በዚህ ቤት መላው ማእድ ቤት በአንድ ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነበር የሚሠራው። ምጣዱ 3.6 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 አምፔር ትንሽ ይበልጣል። ሶኬቱ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። አንድ ደቂቃ ቢሆን ይችለዋል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ግን ይግላል፣ ሲግል መጨበጫው ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል።

አዲሱ አሠራር ሦስት መስመር ነው። ለምጣዱ ባለ 6 ካሬ ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር፤ መሰኪያውም ሰማያዊው ክብ ባለ 32 አምፔር ሶኬት ነው። ለምድጃው ባለ 4 ካሬና ሌላ ባለ 25 አምፔር ብሬከር። ለቀሩት ሶኬቶች ባለ 2.5 ካሬና ባለ 16 አምፔር። ሁሉም 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ (ከሽቦው ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው የሚያመልጥ መብራት) ሲያገኝ በሚቆርጥ ብሬከር ስር ናቸው፤ የመሬት ሽቦውም እስከ ማከፋፈያው ተፈትሿል።

ይህ ግን ሽቦውን እንጂ ቆጣሪውን አያሰፋም። የቤቱ ዋና ብሬከር 32 አምፔር ነው፤ 7 ኪሎ ዋት ያህል። ምድጃው ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃና ኦቨን ሲበራበት 4.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ምጣዱ ሲጨመርበት 8.1 ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሁሉ ይጨልም የነበረው ለዚህ ነው። መፍትሔው በግድግዳው ላይ የተገጠመ ሴሌክተር ስዊች ሆነ፦ ወደ ግራ ምጣድ፣ ወደ ቀኝ ምድጃ፣ መሀል ላይ ሁለቱም ጠፍተዋል። ማስታወስ የሚጠይቅ ደንብ በጥድፊያ ሰዓት ይረሳል፤ ስዊቹ ግን ሁለቱን አንድ ላይ እንዲበሩ አይፈቅድም። ምጣዱ በርቶ ባለ 2 ኪሎ ዋት ማንቆርቆሪያ ቢሰካ አጠቃላዩ 6 ኪሎ ዋት አይደርስም፤ ይህን ዋናው ብሬከር ይችለዋል። ከቆጣሪው በፊት ያለውንና የታሸገውን ክፍል መንካት ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

ውሃው

የመጀመሪያው ሐሳብ ባለ 500 ሊትር ታንከር ነበር። 500 ሊትር ውሃ 500 ኪሎ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል በአብዛኛው የሚሰላው ለሰውና ለዕቃ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ታስቦ ነው። ግማሽ ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ቶን ማቆም፣ በተለይ ከቢም (ወለሉን ከሚሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ) በራቀ መሀል ወለል ላይ፣ ሊፈቀድ አይገባም። የሚያስፈልገውም 180 ሊትር ብቻ መሆኑን ወረቀቱ አሳይቷል።

ባለ 200 ሊትር ታንከር ተገዝቶ ሁለት ግድግዳ በሚገናኙበት፣ ቢም ከስሩ ባለበት ግራ ጥግ ላይ ቆመ። የተሸከመው ከወለል የተነሳ የቱቦላሬ መቆሚያ ነው፤ ግድግዳው ላይ አልተንጠለጠለም። የመቆሚያው ቁመት 1.40 ሜትር፣ የታንከሩ ጫፍ 2.20፣ ኮርኒሱ 2.60 ነው፤ ክዳን ከፍቶ ለማጠብ 40 ሳ.ሜ. ይቀራል። የላቫንዲኖው ቧንቧ አፍ 1.10 ሜትር ላይ ስለሆነ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል። ፈረቃው ሲመጣ ታንከሩ በራሱ ይሞላል፤ ሲሞላም ተንሳፋፊው ይዘጋዋል። ከመግቢያው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ገብቷል፤ ያለበለዚያ መስመሩ ሲደርቅ የተጠራቀመው ወደ ታች ይመለሳል። ከታንከሩ ወጪ ላይ ሳራቺኔስካ (ውሃውን የሚዘጋ ቫልቭ) አለ፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ታንከሩን ሳያፈሱ ለመጠገን።

ላቫንዲኖው ላይ ሁለት ቧንቧ አለ፤ አንዱ የመስመሩ፣ ሌላው የታንከሩ። የታንከሩ ቧንቧ ሩብ ዙር ዞሮ ሙሉ የሚከፈት ተራ ዓይነት ነው። ዘመናዊው ቀጭን አንገት ያለው ቧንቧ ግፊት ይፈልጋል፤ ከታንከር በሚወርድ ውሃ ላይ ሲገጠም ያንጠባጥባል እንጂ አይፈስም።

ከታንከሩ መቆሚያ ስር ያለው ጥግ የሞተ ቦታ ነው፤ ፊቱን የእንጀራ ማቀዝቀዣው ጠረጴዛ ይዞታል። ጋሪዋ ስትሳብ ብቻ ይደረስበታል። እዚያ ለፋሲካና ለገና ብቻ የሚወጡት ትልልቅ ድስቶች ገቡ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚነካ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ካቢኔቶቹ

የግራው ግድግዳ 3.30 ሜትር ነው፤ 75 ሳ.ሜ. ለታንከሩ ሲሰጥ 2.55 ይቀራል። ከታንከሩ ወደ በሩ ላቫንዲኖ 80፣ የጋዝ ሲሊንደር 45፣ ምድጃ 60፣ የእንጀራና የመሳቢያ ካቢኔት 70። የቀኙ ግድግዳ ጥልቀቱ 40 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ ርዝመቱም 1.75 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ምጣዱ ፊት 80 ሳ.ሜ. መቆሚያ እንዲቀር። መሀል ላይ ያለው መተላለፊያ 1.10 ሜትር ሆነ። አንድ ሰው መሳቢያ ከፍቶ ሌላው ከኋላው ጎኑን አዙሮ ያልፋል።

የእንጀራው ካቢኔት ለብቻው መነገር አለበት። የተለመደው ካቢኔት ወርዱ 60 ሳ.ሜ. ነው። ግራና ቀኝ 1.8 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ቦርድ ሲቀነስ ውስጡ 56.4 ይቀራል። እንጀራው 58 ነው። በዚህ በ1.6 ሳ.ሜ. ጉድለት ምክንያት ስንትና ስንት ቤት እንጀራውን አጥፎ ያስቀምጣል፤ ወይም አዲሱ ካቢኔት አናት ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ ያኖራል። በዚህ ቤት ወርዱ 70 ስለሆነ ውስጡ 66.4 ነው። ጥልቀቱም እንዲሁ 60 ቢሆን አይበቃም፤ በር፣ ጀርባና የሀዲድ ክፍተት ይበሉታልና። ይህ አንዱ ካቢኔት ብቻ 68 ሳ.ሜ. ጥልቀት ተሰጥቶት ግራናይቱ 8 ሳ.ሜ. ወጣ አለ፤ ማዕዘኑም ልጅ ቢጋጨው እንዳይጎዳ ክብ ተደረገ። ውስጡ ባለ 62 በ62 ሳ.ሜ. ተንሸራታች ትሪ አለው። ከላዩ የማንኪያ መሳቢያ፣ ከስሩ የጾም ድስቶች።

ስለ ጾምና ፍስክ ንድፍ አውጪ ካልጠየቀ ማንም አይነግረውም። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የዐቢይ ጾም፣ ሌሎቹም አጽዋማት ተደምረው የጾም ድስት በዓመት ውስጥ ከፍስኩ ባልተናነሰ ይሠራል። አያትየው ሁለቱ እንዲነካኩ አይፈልጉም። ስለዚህ የጾሙ በግራ፣ የፍስኩ በቀኝ ሆነ፤ መክተፊያውም ማማሰያውም ተለየ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቀኙ መሳቢያ ወደ ላይኛው ቁም ሳጥን ይወጣና ቦታው ለምስርና ለሽሮ ይውላል።

በቀኙ በኩል 50 የጤፍ፣ 75 የመሳቢያ፣ 50 የአያትየው ነው። 50 ኪሎ ዱቄት ወደ 80 ሊትር ቦታ ይፈልጋል፤ ሳጥኑ 40 በ32 በ65 ሳ.ሜ. ነው። በመሳቢያ ሀዲድ ላይ አልተሠራም። ገበያ ላይ ያለው ጥሩ የሚባለው ባለ ኳስ ሀዲድ የሚሸከመው 45 ኪሎ ገደማ ነው፤ 50 ኪሎ ዱቄት ከነሳጥኑ ሲጫንበት በወራት ውስጥ ይወልቃል። ሳጥኑ በወለሉ ላይ በራሱ ጎማ ይንከባለላል፤ የካቢኔቱ በር ከፊቱ ላይ ተጣብቆ አብሮ ይወጣል። የ75ቱ የላይኛው መሳቢያ የምሳ ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ከነክዳናቸውና ከነማንኪያቸው ማታውኑ ተደርድረው ያድራሉ። የመጨረሻው 50 በ70 ሳ.ሜ. ቁመት ላይ የሚሳብ ገበታ አለው፤ አያትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙበታል፣ ሽንኩርት ይልጡበታል።

የሲሊንደሩ ቤት በሩ ከላይና ከታች ወንፊት ነው። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ታች ይተኛል፤ ዝግ ካቢኔት ውስጥ ከተኛ አንድ ብልጭታ ይጠብቃል። ለዚህም ውስጡ ሶኬት የለም፤ የጋዙ ቱቦም ከኦቨኑ ጀርባ አያልፍም። የከሰል ምድጃ ማእድ ቤት ውስጥ እንዲገባ አልታሰበም፤ ረከቦቱና ጀበናው ከበሩ አጠገብ መደርደሪያ አላቸው፤ ከሰሉ የሚያያዘው ነፋስ ባለበት ነው። የከሰል ጭስ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው።

የላቫንዲኖው ካቢኔት ከአሉሚኒየም ተሠራ። ሌሎቹ 18 ሚሊ ውሃ የሚቋቋም ኤምዲኤፍ ናቸው፤ አረንጓዴ ልብ ያለው። ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቤት ካቢኔት መሬት ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ሁሉም በ10 ሳ.ሜ. የፕላስቲክ እግር ላይ ቆሙ፤ ፊታቸውን የሸፈነው ዞኮሎም አሉሚኒየም ነው፤ ተነቅሎ ከስሩ ይጠረጋል። የበረሮ መራቢያው እዚያና የቧንቧ ቀዳዳው ዙሪያ ስለሆነ ቀዳዳው ሁሉ በሲሊኮን ተዘጋ። በጠቅላላው የወጣው 8 ሙሉ ቦርድ ባለ 18 ሚሊ (1.22 በ2.44 ሜትር) እና 2 ቦርድ ባለ 6 ሚሊ ለጀርባ ነው፤ 15 በመቶ ያህሉ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል።

ልኬቱና ግድግዳው

ቤቱ መጀመሪያ የተለካው ሴራሚክ ሳይለጠፍ ነበር፤ ርዝመቱ 3.33 ሜትር። ሴራሚክና ማጣበቂያው በየግድግዳው 1.5 ሳ.ሜ. በልቶ 3.30 አደረገው። በመጀመሪያው ልኬት ቢቆረጥ ኖሮ የመጨረሻው ካቢኔት አይገባም ነበር። ስለዚህ ቦርድ የተቆረጠው ከሴራሚክ በኋላ፣ ወለሉ፣ ወገቡና ራስ ከፍታው ላይ ሦስት ጊዜ ተለክቶ፣ ትንሹ ቁጥር ተይዞ ነው። ሰያፍ ለሰያፍ ሲለካ ደግሞ ክፍሉ 2.5 ሳ.ሜ. ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ጠማማነቱን የዋጠው የታንከሩ ጥግ ነው፤ የብረት መቆሚያው 72 ሳ.ሜ. ሆኖ ተበይዶ 3 ሳ.ሜ. ተተወለት።

ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ነው። ፊሸር (ብሎን እንዲይዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ክፍት ብሎኬት ውስጥ የሚይዘው የ3 ሳ.ሜ. ቅርፊት ብቻ ነው። 80 ሳ.ሜ. የሆነ የላይ ቁም ሳጥን ሰሃን ሲሞላ 60 ኪሎ ያልፋል፤ መጀመሪያ አንድ ጣት ያህል ዘንበል ይላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይወርዳል። በእያንዳንዱ መስቀያ ነጥብ የብሎኬቱ ፊት ተከፍቶ ባዶው በኮንክሪት ተሞላ፤ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ቆየ፤ ከዚያ ሴራሚክ ተለጥፎ ባለ 10 ሚሊ ቡሎን ገባ። ካቢኔቶቹ የተሰቀሉት በየነጥቡ ሳይሆን በአንድ ረጅም የብረት ሀዲድ ላይ ነው፤ ክብደቱ እንዲካፈል።

ሥራው ከጥምቀት ማግስት ተጀምሮ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በአምስት ሳምንት አለቀ። ከዚህ ውስጥ የእንጨት ሥራው 12 የሥራ ቀን፣ ገጠማው 3 ቀን ብቻ ነው። የቀረው ሽቦ፣ ቧንቧ፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ነው። ገጠማውን ብቻ ቆጥሮ በሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ሰው የግድግዳውን ሥራ አልቆጠረም።

ከተገጠመ በኋላ

የታንከሩ ውሃ መጀመሪያ በጣም ቀጠነ። ቧንቧው ባለ 20 ሚሊ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነበር፤ መሀል ላይም ወደ ላይ ጎብጦ አየር ይዞ ነበር። በባለ 25 ሚሊ ተቀይሮ ከታንከሩ እስከ ቧንቧው ያለማቋረጥ ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ይፈጅ የነበረው 9 ደቂቃ ወደ 4 ወረደ።

እንጀራው በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ትሪው ድፍን ቦርድ ስለነበር ከስር የወጣው እርጥበት መውጫ አጣ፤ የምድጃው ሙቀትም ከጎን ይመጣበታል። ትሪው በየ4 ሳ.ሜ. በ1 ሳ.ሜ. መሰርሰሪያ ተበሳ፤ የበሳው ሁሉ ጠርዝ በቫርኒሽ ታሸገ፤ በካቢኔቱና በምድጃው መካከል 2 ሳ.ሜ. የአየር ክፍተት ለማግኘት ምድጃው ወደ ሲሊንደሩ ቤት ተገፋ። አሁን ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ይደርሳል፤ በክረምት ግን አራተኛው ቀን ላይ መታየት አለበት።

ምጣዱ ደግሞ ፍሳሽ የሚጠብቀውን ብሬከር ሁለት ጊዜ ጣለው። ምጣዱ በደንብ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ሲበራ ሸክላው ውስጥ ያለው እርጥበት ነው ይህን የሚያደርገው። አንድ ጎረቤት ብሬከሩ እንዲነሳ መክሮ ነበር። አልተነሳም። ምጣዱ ተፈትቶ የሽቦው ማገናኛ ደረቀ፣ አንድ የተሰነጠቀ መከላከያ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። ያ ብሬከር ሲወድቅ የሚናገረው እውነት ነው፤ ዝም ማሰኘት በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሯ በምትጋግር ሴት ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

የሴሌክተሩ ነገር በበዓል ዋዜማ ያስቸግራል፤ ዳቦም እንጀራም በአንድ ቀን ይፈለጋልና። ቤተሰቡ እንጀራውን ከዋዜማው በፊት ባለው ማታ ይጋግራል። ሌላ መንገድ የሚኖረው ቆጣሪው ከፍ ሲል ነው፤ ማመልከቻው ገብቷል።

ከሁለት ወር በኋላ ወረቀቱ እንደገና ለሰባት ቀን ተለጠፈ። ትንንሾቹ ልጆች ጠዋት ማእድ ቤት የገቡት በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ የገቡት ቆሻሻ ለመጣል ነበር። የቆሻሻው ባልዲ በንድፉ ላይ ተረስቷል፤ ማንም አላሰበውም፤ ሠራተኛዋም ቦታ ስላጣችለት በሲሊንደሩ በር ፊት አቁማዋለች፤ የታችኛውን ወንፊት ሸፍኖታል። በላቫንዲኖው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የሽቦ ቀለበት ታስሮ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ተንጠለጠለበት፤ ለዚህም ሲፎኑ 12 ሳ.ሜ. ወደ ጀርባ ተገፋ።